ስለ ክያምቡራ ሸለቆ ጉዟችን

የተከበራችሁ አባላት፣

በምዕራብ ኡጋንዳ፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ብሔራዊ ፓርክ ምሥራቃዊ ክፍል ወደሚገኘው የክያምቡራ ሸለቆ ቺምፓንዚዎችን ለማየት ለምናደርገው ጉዞ ስንዘጋጅ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናን ጉዳይ በጥብቅ ላሳስባችሁ እወዳለሁ። እኛን ለሁለት ቀን የሚያስነጥሰን ጉንፋን ቺምፓንዚን ሊገድል ስለሚችል፣ ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት አባል በዕለቱ ከማረፊያችን እንዲቀር አደራ እላለሁ። ሸለቆው 100 ሜትር ያህል ወደ ታች የሰመጠ፣ በሣር ምድርና በእርሻ ተከቦ ከሌሎች ደኖች የተነጠለ በመሆኑ፣ በውስጡ ያለው አነስተኛ የቺምፓንዚ መንጋ አንድ እንኳ ቢሞትበት ከውጭ መጥቶ የሚቀላቀለው የለም ማለት ይቻላል።

ጭላዳ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ማየት ለለመድን ለእኛ፣ ይህ ፍለጋ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለፈው ጉዞዬ ከሁለት ሰዓት በላይ ያገኘነው ምልክት ብቻ ነበር፤ በወንዙ ዳር ጭቃ ላይ የታተመ የጣት አንጓ፣ ተመጥጦ የተተፋ የሾላ ፍሬ፣ ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ የሌሊት መኝታ። ከዚያ ከማዶ አንዱ ጮኸ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ገደሉም አስተጋባ። ያን ድምፅ ለመስማት ብቻ እንኳ ቁልቁለቱን መውረድ ይገባል።

ካገኘናቸው በኋላ አብረናቸው የምንቆየው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የካሜራ ፍላሽ አይበራም፣ በአጠገባቸው ምግብ አይበላም። ወንዙ ጉማሬ ስላለበት ከጠባቂው ማንም አይነጠል። የሚያንሸራትተውን መንገድ የሚቋቋም ጫማና እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ያዙ።