ከቅዳሜው የእግር ጉዞ በፊት፦ ስለ ደርቢሻየሩ ሞስ

ሰላም ውድ አባላት፣

ቅዳሜ እንግሊዝ ውስጥ ወዳለው ደርቢሻየር አውራጃ ስንወጣ አንድ አደራ አለኝ። እዚያ፣ በኖራ ድንጋይ መሃል በሚወርድ አንድ ጅረት ውስጥ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ የሞስ ዝርያ አለ። ሞስ ያ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ተክል ነው። ዋናው ይዞታው 3 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አስቡት፣ አንድ ሙሉ ዝርያ በአንድ ምንጣፍ ስፋት!

ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፤ ውሃውን በቅጠሉ ነው የሚስበው። ስለዚህ የውሃ ብክለትና ድርቅ ቶሎ ይጎዱታል። የሰው እግርም እንዲሁ።

እባካችሁ ከመንገዱ አትውጡ፣ ጅረት ውስጥም አትግቡ። ልጆች ድንጋይ እንዳይገለብጡ ወይም ሞስ እንዳይልጡ ተከታተሏቸው። ጫማችሁንም ከቤት አጥባችሁ ኑ። መነሻችን ጠዋት 2 ሰዓት ነው።