በባትሪው ክዳን ላይ የጻፍከው ቁጥር

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ተሻለህ? የእጅህ መንቀጥቀጥ ቀነስ ማለቱን ስትነግረኝ እሰይ ብያለሁ። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ የጠየቅከኝን በደንብ አልመለስኩልህም። "ልጄ፣ እስካሁን ያን ጌም ትጫወቻለሽ እንዴ?" አልከኝ። "አዎ" አልኩና ወሬውን ወደ መድኃኒትህ መለስኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከነከነኝ። የጠየቅከኝ ልትቆጣኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገህ ነው። 36 ዓመት የሞላት ልጅህ ከሥራ ገብታ ማታ ማታ ምን እንደምትሠራ ብትጠይቅ ምን ነውር አለው? እናም ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። ረዘም ይላል፤ መነጽርህን አድርግ።

አንተ በሙያህ ከምታውቀው ልጀምር። የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ሲያረጅ ቸርርር ይል የለ? ሰው ሬዲዮውን ተሸክሞ ሲመጣልህ፣ ገና ክዳኑን ሳትፈታ "ፖቴንሽዮሜትሩ ነው" ትል ነበር። ውስጡ የካርቦን ንጣፍ አለ። በንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል ትንሽ ብረት አለች። ዓመታት ስትፈትገው ንጣፉ ይላጣል፣ ብናኝ ይጠራቀማል፣ ድምፁም ይንጫጫል። አባዬ፣ ጆይስቲክ ውስጥ ያለውም ያው ነው! በአውራ ጣት በምንገፋው ዱላ ሥር ሁለት ፖቴንሽዮሜትሮች ተቀምጠዋል። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሄድንበትን ይለካል። ሲያረጁ ማንም ሳይነካቸው "ተገፍተናል" ብለው ይናገራሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ በራሱ ጊዜ መራመድ ይጀምራል። ጌመሮች ድሪፍት ይሉታል።

አምና ያገለገለ ጆይስቲክ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው "ምንም እንከን የለውም" ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ስሰካው ሰውዬው ወደ ግራ እየሄደ ግድግዳ ይገፋል። በጣም ተናደድኩ። ከዚያ መበየጃህን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከቤት ስወጣ የሰጠኸኝን እሱኑ ነው፤ እጀታው ላይ ያለው የተቃጠለ ምልክት እስካሁን አለ። እያንዳንዱ ዱላ ቦርዱ ላይ በ14 እግር ተበይዷል። አሥራ አራቱንም አቅልጦ፣ ቀዳዳዎቹን ሳያበላሹ መንቀል ነው ጭንቁ። 13ቱ ለቀቁ፣ አንዷ እምቢ አለች። ልጎትታት ስል ድምፅህ መጣብኝ፦ "አትቸኩይ፣ ሙቀቱ ሥራውን ይሥራ።" አሮጌው ላይ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨመርኩበት። ወዲያው ቀለጠና ለቀቀች። ይሄን ያሳየኸኝ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ከጎንህ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንተም "ጭሱን አትሳቢ" እያልከኝ።

በምትኩ ያስገባሁት በማግኔት የሚሠራውን ነው። መነሻው ኤድዊን ሆል የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1879 የደረሰበት ግኝት ነው። ዱላው ሲንቀሳቀስ ማግኔት አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ሥሩ ያለው ሴንሰር የማግኔቱን ለውጥ ያነባል። ብረት ከንጣፍ ጋር አይፋተግም፤ የሚላጥም ነገር የለም። ሠርቼ ስጨርስ ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚያች ሰዓት ልደውልልህ ነበር፤ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር።

ሌላው ዕቃዬ ብዙም አይደለም። ኪቦርዴ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥሩ የራሱ ስፕሪንግ ያለው ነው፤ አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ ነቅዬ እቀይራለሁ። ስክሪኔ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል ይቀይራል፤ የተለመደው 60 ነው። በ60ው አንድ ምስል ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ144ቱ 7 እንኳ አይሞላም። ወረቀት ላይ ኢምንት ነው። ፈጣን ጌም ላይ ግን እጅ ያውቀዋል። ከሁሉም አብዝቼ ያወጣሁት ለወንበሩ ነው። ዕድሜህን ሙሉ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብለህ ወገብህ የሆነውን አይቻለሁ።

ሄድፎኑን ለብቻው ልንገርህ። እኔ ጋ የከረምክ ጊዜ አንድ ማታ በሬ ላይ ቆመህ "ብቻሽን ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" ብለኸኝ ነበር። ብቻዬን አልነበርኩም። አራት ነን። ቅዳሜ ማታ ማታ እንገናኛለን፤ እንዲህ ከሆንን አምስት ዓመት አለፈን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንዱ ገና ተማሪ ነው። የምንጫወተው በአብዛኛው ማይንክራፍት ነው። መሬት ቆፍረህ፣ ድንጋይ ፈልጠህ፣ ቤት የምትሠራበት ጌም ነው። ማሸነፍ መሸነፍ ብዙም የለበትም። የጋራ ሰፈር አለን፤ ድልድይ አለው፣ የተማሪው ልጅ ያለፈቃድ የሠራው ረጅም ግንብም አለው።

አንተ ሆስፒታል የገባህ ሰሞን እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነበር። አንድ ሌሊት ዝም ብዬ ጌሙን ከፈትኩት። ነርሷ ከአዳር ተረኛነት ተመልሳ ገብታ አገኘኋት። ሐኪሞቹ ያሉኝን ቃል በቃል ነገርኳት፤ እሷም አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ይሄ መድኃኒት ለምን እንደሆነ፣ የትኛው ምልክት እንደሚያሰጋ፣ የትኛው እንደማያሰጋ። ጌሙ ውስጥ ያለው ቤታችን በር ላይ ቆመን ነበር። እዚያ ዝናብ ይዘንባል። ለሁለት ሰዓት ያህል አንድ ድንጋይ እንኳ አላነሳንም። በማግስቱ ስጠይቅህ ፊቴ ላይ ፍርሃት ያላየኸው በእሷ ምክንያት ነው።

እሷን በአካል ያየኋት ዘንድሮ ነው። የጌም ኤግዚቢሽን ላይ። ትልልቆቹ ኤግዚቢሽኖች ጉድ ናቸው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን ኮሎኝ የሚካሄደው ጌምስኮም ከ300,000 በላይ ሰው የጎበኘባቸው ዓመታት አሉ። እኔ የሄድኩበት አንድ አዳራሽ ነው። ገና ያልወጣ ጌም ለ15 ደቂቃ ለመሞከር ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ከኋላዬ ሰው ሳቀ። አባዬ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የነበረ ሳቅ! ዞር ስል አጭር፣ ከገመትኳት በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። ስሟን አልጠራሁም፤ ዝም ብዬ አቀፍኳት። ተራችን ሲደርስ ጌሙን በቅጡ አላየነውም።

እዚያው አዳራሽ ውድድርም ነበር። የፍልሚያ ጌም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጋጠማል። ሁለቴ የተሸነፈ ይወጣል። ሁሉም ጆይስቲኩን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። እኔ አንድ አሸንፌ፣ ሁለት ተሸንፌ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ልንገርህ። አንድ 14 ዓመት የማይሞላው ልጅ ተራው ሊደርስ ሲል ጆይስቲኩ ድሪፍት ጀመረው። ልጁ እንባው መጥቷል። አባቱ ከኋላው ቆሞ የሚያደርገው ጠፍቶታል። ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌም ትንሽ ካቻቢቴ፣ አልኮልና ጥጥ አለ፤ ይሄንንም ካንተ ነው የወረስኩት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ፈታሁት። የንጣፉን ቦታ በአልኮል ጠረግኩት፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ ገጠምኩት። "ለዛሬ ያደርስሃል፣ ቤት ስትገባ ግን መቀየር አለበት" አልኩት። ልጁ ተጫወተ። አባትየው ጌሙ አልገባውም፤ ቢሆንም ዓይኑን ከልጁ እጅ ላይ አልነቀለም።

እንዲህ ያለ ውድድር ላይ ሰው ለምን እንደሚጮህ ከገረመህ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቮ በሚባለው ውድድር፣ ስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ በሚባል የፍልሚያ ጌም ላይ፣ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራና አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ተገናኙ። የዳይጎ ተፋላሚ ነፍሱ በክር ላይ ነበረች። ምቱን በተለመደው መከላከያ እንኳ ቢቀበለው ያልቅለታል። ጀስቲን በፈጣን ተከታታይ ምት መጣበት። ዳይጎ እያንዳንዷን ምት በምትደርስበት ቅጽበት፣ ዱላውን ወደ መቺው እየገፋ መከታት። 15 ምት። አንዷ ብታመልጠው አለቀ። ከዚያ መልሶ መታና አሸነፈ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጩኸት በቪዲዮው ላይ አሁንም ይሰማል። የዚያን ዕለት ዋንጫውን ግን ዳይጎ አልወሰደም፤ በፍጻሜው በሌላ ጃፓናዊ ተሸንፏል። ሰው የሚያስታውሰው ያቺን ዙር ነው። እኔ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አልቆጥረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ጌም ቦዩን ታስታውሰዋለህ? በእጅ ይዘን የምንጫወትበት ግራጫው ዕቃ፣ ከእጅ ሞላ የሚለው። የባትሪ ድንጋዩ ፈሶበት ሞቶ ነበር። አንተ ከፍተህ የዛገውን በአቼቶ ጠረግክልኝ፣ በቴስተር ለካኸው፣ አራት ድንጋይ አስገባህበት። ቀዩ መብራት በራ። "መሥራቱን ልየው" ብለህ ተቀመጥክ። ውስጡ የነበረው ቴትሪስ ነው፤ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እየደረደርክ ረድፍ የምትሞላበት፣ የሞላው ረድፍም የሚጠፋበት ጌም። ያን ጌም የሠራው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ፣ በሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ሲሠራ። ኮምፒውተሩ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ቅርጾቹን በቅንፍ ምልክቶች ነው የሠራቸው። ሰባት ቅርጽ፣ እያንዳንዳቸው ከአራት ካሬ። ይሄን ሁሉ ያኔ አናውቅም ነበር።

መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ተሸነፍክ። ከዚያ ዝም አልክ። በአንድ በኩል ቀዳዳ እየተውክ ረጅሟን ቅርጽ መጠበቅ ጀመርክ። ማንም አልነገረህም፤ ራስህ ነህ ያወቅከው። ስትመጣ አራቱን ረድፍ ባንዴ ስታጠፋ "ሄደች!" አልክ። ስክሪኑ የራሱ መብራት ስለሌለው አምፖሉ ሥር ዘንበል ብለህ ነበር። እኔ ትከሻህ ላይ ተደግፌ አየሁ። ሲያልቅ 41,286 ነበር። ያ ጌም ሲጠፋ ነጥብ አያስቀምጥም። እሱን ስነግርህ አዘንክ። ከዚያ የባትሪውን ክዳን አወጣህና ከውስጥ በኩል በእስክሪብቶ ቁጥሩን ጻፍክበት።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አንድ የ13 ዓመት ልጅ በአሮጌው የኔንቴንዶ ቴትሪስ እስከ 157ኛው ሌቭል ደርሶ ጌሙ ራሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በፊት እዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ልጁ ያን ድሉን በዚያው ወር ለሞተው አባቱ መታሰቢያ አደረገው። ዜናውን ሳይ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ ቤት ገብቼ ጌም ቦዩን ፈልጌ አወጣሁት። ክዳኑን ገለበጥኩት። ቁጥሩ ትንሽ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። የቁጥር 4 አጻጻፍህ ያው ያንተ ነው።

ባለፈው ወር ስክሪኑን ቀየርኩለት። አዲሱ ከውስጥ ይበራል፤ ዓይንህን አያስቸግርህም፣ አምፖል ሥር መጎንበስም የለም። ቁልፎቹ ሥር ያለውን ላስቲክም አዲስ አደረግኩት፤ ለስለስ ብሎ ይጫናል። እጄ ይንቀጠቀጣል እንዳትለኝ። ከመጀመሪያው ሌቭል ስንጀምር ቅርጿ አንዲት እርምጃ ለመውረድ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የምትቆየው። ጊዜ አለህ። የውጩን ቅርፊትም አዲስ ቀይሪው ብለውኝ ነበር። ቢጫ ቢሆንም ተውኩት፤ ክዳኑን ማን አሳልፎ ይሰጣል?

በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አራት ድንጋይ ይዣለሁ። ከቁጥርህ ሥር አንድ መስመር የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን አንተ አዘጋጅ።

የምትወድህ ልጅህ