ቁጥሩን አትንኪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

የኔ እናት፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። አትንገርብኝ ብለሽው ነበር አሉ። እሱን እንዳትቆጪው፤ አስጨንቄ ያወጣጣሁት እኔ ነኝ።

ቢሮ ጠርተው የጣናን ውሃ የለካሽበትን «ያችን ሠንጠረዥ ከመመረቂያ ጽሑፍሽ አውጪያት፤ ሌላው ጥሩ ነው» አሉሽ። «ቁጥሩን ትንሽ ብታለሳልሺውስ» ያለሽም ነበር። ስለ ሌላው በኋላ እጽፍልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ያዢልኝ፤ ቁጥሩን አትንኪ።

ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት ከወደቡ እስከ ዓባይ መውጫ አብሬሽ ዞሬያለሁ። ጠርሙሱን በዚያው በምትቀጂው ውሃ አለቅልቀሽ፣ ደፍተሽ፣ እንደገና አለቅልቀሽ ነበር የምትሞዪው። የእስክሪብቶ ጽሑፍ ውሃ ሲነካው ይጠፋል ብለሽ በእርሳስ ታስጽፊኝ ነበር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። አንድ ቀን ሰዓት ያልተጻፈበት ጠርሙስ ተገኘ። ያን ያህል ርቀን ሄደን የቀዳነውን ውሃ ምንም ሳትይ ደፋሽው። እንደዚያ ለራስሽ ያልራራሽበትን ቁጥር በስብሰባ ይቀይሩት?

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን እምቦጭ የሚሉት አረም ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ አለ። የደንቢያና የፎገራ ገበሬ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተሻል። ሥሩ ጥቁር ነው፣ የተንጨባረረ፣ ጭቃ የሚያንጠባጥብ። ነቅሎ ዳር ይከምረዋል። ፍሬው ደለል ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ቆይቶ እንደገና ይበቅላል። ምግቡ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ። አንቺ የለካሽው ይህን ነው። ይህን የሚለካ ሰው አፉን ከያዘ ያ ገበሬ ዕድሜ ልኩን ሲነቅል ይኖራል። ለምን እንደማያልቅለትም አያውቅም። የአካዳሚክ ነፃነት የምሁራን ቅንጦት ነው የሚሉሽን አትስሚያቸው። የዚያ ገበሬ ጉዳይ ነው።

አንቺም ግን ስሚኝ። ነፃነት ማለት ያሻሽን መናገር አይደለም። ተናደሽ ፌስቡክ ላይ እንዳትወጪ። የሰው ስም እንዳታነሺ። የለካሽውን ብቻ ተናገሪ፤ ያልለካሽውን አላውቅም በይ። ከተሳሳትሽ ሌላ ተመራማሪ ሄዶ ከዚያው ቦታ ውሃ ቀድቶ ያርምሽ። እሱ ያርምሽና እኔም እቀበላለሁ። ቢሮ ተቀምጦ ሐይቁን ያላየ ሰው ግን ቁጥርሽን አይነካም። አንቺም አትንኪው።

ያንን የሒሳብ መምህር፣ ጋሼ ትሉት የነበረውን፣ ታስታውሺዋለሽ። እሑድ እሑድ ቤት እየመጣ ማባዛት የሚጠይቃችሁ። ለምን ከባሕር ዳር እንደሄደ ለእናንተ አልነገርናችሁም ነበር። አንድ ዓመት መጨረሻ ላይ ይህን ያህል ተማሪ ማለፍ አለበት የሚል ትእዛዝ መጣ። ሮስተሩን አስተካክል ተባለ። እሱም የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «እኔ የምጽፈው ልጁ ያመጣውን ነው» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ክረምቱ ሳይወጣ ዝውውር ደረሰው፣ ከሐይቁ ማዶ።

ወደብ ድረስ ሄጄ ሸኘሁት። ፍራሹን በሸራ ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮታል። መጻሕፍቱ በሳሙና ካርቶን ነበሩ። የሮስተሩን ግልባጭ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አውጥቶ አሳየኝና መልሶ ከተተው። በሚቀጥለው ዓመት የእሱን ክፍል የያዘው ወጣት ሁሉንም አሳለፈ። ስታፍ ውስጥ ስለዚያ ነገር ተነስቶ አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ሁሉ ደነገጠ። እኔ ያን የሒሳብ መምህር ነበር ያሰብኩት። ያ ውጤት በአንድ ዓመት የመጣ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲለሳለስ የኖረ ቁጥር ነው።

ነፍሱን ይማረውና ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ብቻውን መሆኑ። የሚጠቅሰው ሕግ አልነበረውም፤ ለምን ብሎ የጠየቀለትም የለም። ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይሰፋል። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ ያን ሁሉ ሐኪም ያስተማሩ የቀዶ ሕክምና ሊቅ፣ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ሰው የሚቆጥረው የተባረሩትን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የቀሩት ናቸው። ከዚያ በኋላ ክፍል ገብቶ አፉን ከመክፈቱ በፊት ግራ ቀኙን የሚያይ መምህር ተማሪውን ምን ያስተምረዋል?

ቫቪሎቭንም አትርሺ፤ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ ታውቂያለሽ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው የሩሲያ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1919 ዓ.ም. አገራችን መጥቶ የስንዴያችንን ዘር ሰብስቦ ሄደ። ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከሎች አንዷ ብሎ የመዘገበ ሰው ነው። በኋላ አገሩ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነስቶ ጄኔቲክስ፣ የዘር ውርስ ሳይንስ ማለት ነው፣ ውሸት ነው አለ። ስታሊንም ደገፈው። ቫቪሎቭ አልቀበልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 አሰሩት፤ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዳይራብ ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው! በ1948 ደግሞ ጄኔቲክስ ማስተማሩ ራሱ ተከለከለ። የባዮሎጂ ትምህርታቸው ለዓመታት ወደ ኋላ ቀረ። ሶቪየቶቹን ለመስደብ አይደለም፤ እዚሁ ከተማችን በ1955 ዓ.ም. የተከፈተውን ፖሊ ቴክኒክ የሠሩልን እነሱ ናቸው፣ ውለታቸውን አልክድም። ግን ባለሥልጣን ሳይንስ ውስጥ ገብቶ ይህ እውነት ነው፣ ይህ አይደለም ሲል የሚመጣውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

አንቺ እንደ ጋሼ ብቻሽን አይደለሽም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የአካዳሚክ ነፃነትን በስሙ ጠርቶ አስቀምጦታል። አትመሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው። የአፍሪካ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ካምፓላ ተሰብስበው ስለ ምሁራን ነፃነት ያወጡት መግለጫ አለ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1997 የዩኒቨርሲቲ መምህር የምርምሩን ውጤት ማሳተም መብቱ ነው ብሏል። እርግጥ ወረቀት ብቻውን ሰው አያድንም። በጀቱ በማን እጅ ነው? ኮንትራት የሚያድሰው ማነው? ዲኑን ማን ሾመው? ነገሩ ያለው እዚያ ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ይሁን ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ያ ነፃነት ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ወርዶ እንዳንቺ ያለችው ተማሪ ጠረጴዛ ድረስ ካልደረሰ ምኑን ነፃነት ሆነ?

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ጥሬ ዳታውን ዛሬውኑ ገልብጪ። አንዱን ፍላሽ በወንድምሽ ላኪልኝ፤ እናትሽ ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። የመስክ ደብተሩን ከቢሮ አውጥተሽ ቤትሽ አስቀምጪ። አውጪ የተባልሽውን በጽሑፍ ይስጡኝ በይ፣ በትህትና። በጽሑፍ ካልሰጡሽ ያሉሽን ራስሽ ጽፈሽ በኢሜይል ላኪላቸው፤ ቀኑ ይመዝገብ። ረቡዕ ስብሰባ ስትገቢ ብቻሽን እንዳትገቢ። ቁርስም ሳትበይ እንዳትሄጂ፤ ስትራቢ ቶሎ ይመርሻል።

እናትሽ «ሠንጠረዧ ብትቀር ምናለበት፣ ልጄ ዲግሪዋን ትያዝ» ትላለች። አልፈርድባትም። እኔም ሌሊት ስነቃ እንደሷ አስባለሁ፤ ነገ ሥራ ብትከለከልስ፣ ስሟ ቢነሳስ እላለሁ። ፈርቼልሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ከባሰም ቤትሽ አለ፤ ክፍልሽ እንዳለ ነው። አንድ ዓመት ቢዘገይ ማንም አይጠይቅሽም። ግን ቁጥሩን እንዳትነኪ።

በርበሬና በሶ አዘጋጅታልሻለች፤ መንገዱ ደህና ሲሆን ሰው ፈልጌ እልካለሁ።

ሌላው ጉዳይ አማካሪሽ ነው። ኮሪደር ላይ ለብቻሽ «ሠንጠረዧ ትቆይ» ብለውሻል አሉ። እግዜር ይስጣቸው። ያንኑ ረቡዕ ስብሰባው ላይ እንዲደግሙት ለምኛቸዋለሁ በያቸው፤ ቃለ ጉባኤው ላይም በስማቸው ይጻፍ። ከስብሰባው ስትወጪ መጀመሪያ ለእናትሽ ደውይላት።

አባትሽ
ባሕር ዳር