የቅዳሜው ሸክላ

ሰላም ናችሁ ወዳጆች፣

ቅዳሜ የምንሰማው የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የዘ በርድስን «ስዊትኸርት ኦፍ ዘ ሮዲዮ» አልበም ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣውን። የሮክ ልጆች የካንትሪ ሙዚቃ መዲና ወደሆነችው ናሽቪል ድረስ ወርደው ከካንትሪ ሙዚቀኞች ጋር ቀረጹት፤ የቀረውን ሎስ አንጀለስ ጨረሱት። መርፌው ሲያርፍ ትንሽ ይንጫጫል፤ ወዲያው የሎይድ ግሪን ፔዳል ስቲል ጊታር (አግድም ተቀምጦ ክሮቹ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚመታው) እየተንሸራተተ ይገባል። እዚያች ቦታ ላይ እባካችሁ ወሬ አቁሙ!

በውል ጣጣ የተነሳ የባንዱ አባል የግራም ፓርሰንስ ድምፅ ከአንዳንዶቹ ዘፈኖች ወጥቶ በጓደኛው በሮጀር ማክጊን ድምፅ ተተክቷል። እኔን እስካሁን ያበሽቀኛል። ደግነቱ «ሂኮሪ ዊንድ» ተርፋለች። ሸክላው ሲገለበጥ የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ ፓርሰንስ የሳውዝ ካሮላይናን ጥድ እያነሳ በናፍቆት ያንጎራጉራል።

የኔ ቅጂ መሃሉ ላይ ጭረት አለበት፣ ትታገሱኛላችሁ። ሸክላ የምታመጡ ጠርዙን ብቻ ያዙ፣ ጣት አይንካው።