የጳጉሜ 6 ልጅ፦ የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው አንድ ሥራ ነው። «አንድ ብቻ?» ለሚሉን ላስረዳ። የቤተ መጻሕፍታችን የውሰት መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። የፈተነን የቀን አመዘጋገብ ነው።

መጀመሪያ ልጆቹ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ራሱ ይዞት በሚመጣው የቀን ማንበቢያ ሞከሩ። 30/02/2016 ሲያስገቡ እምቢ አለ። ለእኛ ጥቅምት 30 ነው፤ ለእሱ ግን የሌለ ፌብሩዋሪ 30። 31/01/2016ን ደግሞ ዝም ብሎ አሳለፈ። መስከረም 31ን ማን አይቶ ያውቃል! 13ኛ ወርንማ ጭራሽ አያውቅም።

ስለዚህ የራሳቸውን ጻፉ። እሱም ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን መስከረም 1 ቀን 2017 እያደረገ ያልፋል። «ሌላው ቋንቋ ጃቫስክሪፕትም ፌብሩዋሪ 30ን ወደ ማርች ይገፋል» ብለው ተሟገቱኝ። አልተቀበልኩም። መዝጋቢው ጳጉሜ 5 ሊል ይሁን የሌላ ወር 6፣ ፕሮግራሙ በምን ያውቃል? ገምቶ ከሚመዘግብ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልስ።

ይሄኔ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «የኔስ ልደት?» አለች። የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 2003 ነው። አንድ ቦታ ስትመዘገብ ኮምፒውተሩ አልቀበል ብሎ 5 ተብሎ ተጽፎላታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርበን፣ ጳጉሜ 6 በየትኛው ዓመት እንደምትኖር ለመጠየቅ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) የሚያስተምሩ የኔታ ዘንድ ሄድን። «ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ለ4 አካፍሉ። 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ 6 ትሆናለች» አሉን። ልጅቷ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ አሰላች። «የኔታ፣ 5500 እኮ ለ4 እኩል ይካፈላል። ባንደምረውም ቀሪው ያው ነው» አለች። የኔታ ወደ መዳፏ ጎንበስ ብለው አዩ። «አበጀሽ ልጄ» አሏት። እንባዬ መጣ።

ሰኞ በአንድ መስመር ጻፈችው። 06/13/2003 አስገባች፤ አለፈ። 06/13/2004 አስገባች፤ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አላት። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ስብሰባዎቻችን በየረቡዑ ተካሂደዋል። አንዴ መብራት ሄዶ የሁለት ሳምንት መዝገብ ጠፋብን፤ እንደገና አስገባነው። 26 ልጆች 3 ኮምፒውተር ነው የሚጋሩት። ለስፖርት ክበብ ማሊያ ሲገዛ ደስ ብሎኛል፤ እኛ ግን አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ጠይቀን ዓመቱ አለቀ። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ካለ አምጡልን። አሮጌም ቢሆን ፓይተን ይሠራበታል። ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አለን።