ማክሰኞ ማታ እንጂ ረቡዕ ማታ አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ልጄ፣

ትናንት «ወደ ባንኮክ የምበረው ረቡዕ ማታ ነው» ስትዪኝ ስልኩን እንደዘጋሁ ቲኬትሽን ደግሜ ከፈትኩት። ረቡዕ 00:15 ይላል። ይሄ በእኛ የማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከ15 ነው። እኛ ቀኑን የምንቀይረው ሲነጋ ነው፤ ፈረንጆቹ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይሩታል። ረቡዕ ማታ ሻንጣሽን እየጎተትሽ ቦሌ ብትደርሺ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የምትሄጂው ማክሰኞ ማታ ነው።

አጎትሽም የቀረው በዚሁ ነው። ቲኬቱን ያነበብኩለት እኔ ነበርኩ። ቡና ላይ ሲነሳ እሱ እየሳቀ ያልፈዋል፤ እኔን እስከዛሬ አያስቀኝም።

ከድሬ ቦሌ አንድ ሰዓት ነው ብለሽ የማክሰኞን የመጨረሻ በረራ እንዳትይዢ። የሀገር ውስጡንና የባንኮኩን ቲኬት ለየብቻ ነው የገዛሽው። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥሽ ማንም አይተካልሽም። ሻንጣሽም በቀጥታ አያልፍም፤ ቦሌ ላይ ራስሽ ተቀብለሽ እንደገና ታስመዝግቢያለሽ። የጠዋቱን ያዢ።

የኮሮና ካርድ ዘመኑ አልፏል፤ የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አበቃ ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቢጫዋ ካርድ ግን ሌላ ናት፣ አታምታቻቸው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው ሀገሮች ስለምትቆጠር ታይላንድ ካርዷን ትጠይቅሻለች። ክትባቱ የሚታሰብልሽ ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተወጋሽ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አሁኑኑ አውጥተሽ እያት። ስምሽ ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርትሽ ይሁን። የአንቺ ፊርማ፣ የባለሙያው ፊርማና ማኅተም ይኑርባት። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይጻፍ። በእኛ ዓመት ተጽፎ ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳልና አስተካክለው ይስጡሽ። በእስክሪብቶ ራስሽ እንዳትነኪያት፤ የተሰረዘ ካርድ አይቀበሉም።

የታይላንድን ዲጂታል የመግቢያ ካርድ ሰኞ ጠዋት ሙዪው። ከመድረስሽ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ነው የሚሞላው፤ ቀደም ብሎ አይሆንም። ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ገጽ ካጋጠመሽ ደላላ ነውና ውጪ። የመድረሻ ቀን ሲልሽ ረቡዕ በዪ፤ መነሻሽ ግን ማክሰኞ ማታ ነው።

እዚህ ድሬ ከታይዋን ገበያ የገዛሻት ፓወር ባንክ ሻንጣ ውስጥ አትገባም፣ በእጅሽ ያዣት። 20,000 ሚሊአምፒር በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ወሰኑ 100 ስለሆነ ታልፋለች። ችግሩ ጽሑፏ ተፍቋል፤ ልኳ ካልተነበበ ይወስዱብሻል። ጽሑፏ የሚነበብ ሌላ ግዢ። ለአስምሽ የምትነፊውም መድኃኒት ከእጅሽ አይለይ።

የኔ እናት፣ ማንም «ይህችን ብቻ አድርሺልኝ» ቢልሽ እምቢ በዪ። ጎረቤትም ቢሆን፣ የታሸገ ሀልዋም ቢሆን። የጃኬትሽንም ኪስ ገልብጠሽ አራግፊ፤ የወንድምሽን ጃኬት እንደምትወስጂ አውቃለሁ፣ እሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። እዚህ ምንም ያልሆነች የጫት ቅጠል ሌላ ሀገር ታሳስራለች። እንግሊዝ እንኳን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላለች።

እዚያ ስትደርሺ ዕቃ ላይ የተጻፈ ዓመት አያስደንግጥሽ፤ ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። ሰዓታቸውም ከእኛ በ4 ይቀድማል፤ እዚህ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት ብቻሽን ከታክሲ ጋር ስትከራከሪ እንዳልሰማ።

ማክሰኞ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ገብተሽ ደውዪልኝ። ረቡዕ ማታ ከቤት ብትደውዪ ስልኩን የማነሳው ለቁጣ ነው።

እናትሽ