እህት ዓለሜ፣ ዓሣውን ሳትገዢ ይድረስሽ

እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳቂ እንጂ! ድሮ ለክረምት ስንለያይ ደብዳቤ የምንጀምረው እንዲህ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን በሌላ መጀመር ከበደኝ። የጠፋሁበትን ምክንያት አልደረድርልሽም፤ አንቺም አትደርድሪልኝ። ሥራ፣ ልጅ፣ የሰዓቱ አለመገጣጠም... ሁለታችንም እናውቀዋለን።

አሁን ያስጻፈችኝ እማዬ ናት። በስልክ የሰፈሩን ወሬ ስትነግረኝ፣ «ልጇ ዓሣ ካልተገዛልኝ ብሎ አስቸገራት፤ እሷም ክብ ጠርሙስና ሁለት ጎልድፊሽ ልትገዛለት ነው» አለችኝ። ኧረ በእመብርሃን! እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሳሎኔ ውስጥ ትንሽ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት) ካስቀመጥኩ ቆየሁ፤ ስለዚህ የምለው አለኝ። ጠርሙሱን ገና ካልገዛሽ ተይው። ከገዛሽም አበባ ይቀመጥበታል።

ትንሽ ውሃ ለጀማሪ የሚቀል ይመስላል። የሚከብደው ግን እሱ ነው። ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው፤ በስንጥቡም አሞኒያ ያወጣል። አራትና አምስት ሊትር በምትይዝ ጠርሙስ ውስጥ ይህ ቆሻሻ በጥቂት ቀን መርዝ ይሆናል። ሰፋ ባለ ውሃ ግን ስለሚቀጥን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጥሻል። ሙቀቱም እንደዚሁ ነው፤ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል።

ስለዚህ 40 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 25 ስፋት፣ 30 ከፍታ ያለው መስታወት አሠሪ። እስከ አፉ ቢሞላ 30 ሊትር ነው፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ አልመክርሽም። መስታወት ቆራጮቹ ይሠሩልሻል። ሲሊኮኑ ፈንገስ መከላከያ ያልገባበት ይሁን፤ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ነው። አንድ ሳምንት አድርቀሽ በረንዳ ላይ ሞልተሽ ሞክሪው፤ ካፈሰሰ እዚያው ያፍስስ። ሲሞላ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አታድርጊው፤ አልጌ፣ ያ የውሃ ሽበት፣ አረንጓዴ ያደርገዋል።

አሁን ዋናው ነገር፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ዓሣው በመጀመሪያው ቀን አይገባም። በመጀመሪያው ሳምንትም አይገባም። ውሃ ሞልተሽ፣ ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) አስነስተሽ፣ ያለ ዓሣ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ታቆዪዋለሽ። አውቅሻለሁ፣ ሽሮ እንኳ ሳይንተከተክ የምታወጪ ሰው ነሽ። ይህን ግን ታገሺ። በዚያ ጊዜ ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ባክቴሪያ ይራባል። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ እምብዛም አይጎዳም፤ ውሃ ስትቀይሪ ይወጣል፣ ተክሎችም ይመገቡታል።

ባክቴሪያውም የሚበላው ያስፈልገዋል። በየሁለት ቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል ይደረጋል፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። ይህን ሥራ ለልጁ ስጪው፣ ባዶ ውሃ እያየ ከሚያለቅስ። የውሃ መመርመሪያም እልክለታለሁ። ጠብታውን ጨምሮ ቀለሙን ያያል፤ ቢጫ ከሆነ አሞኒያ የለም፣ አረንጓዴ ከሆነ አለ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ፣ ያኔ ወደ ዓሣ ቤት ሂዱ። ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ይዘገያል። አቋራጭ ከፈለግሽ ጤነኛ የቆየ አኳሪየም ካለው ሰው ቁራጭ የፊልተር ስፖንጅ ለምኚ። እርጥብ እንዳለ አምጥተሽ ያንቺው ፊልተር ውስጥ ትጨምሪዋለሽ። ባክቴሪያ አለበት ተብሎ በጠርሙስ ከሚሸጠው ሁሉ እኔ ይህን አምናለሁ።

ሁለተኛው ፍርሃቴ ንጽሕናሽ ነው። አንቺ እኮ የታጠበ ብርጭቆ መልሰሽ የምታጥቢ ነሽ! እዚህ ላይ እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። ውሃውን ሁሉ ደፍተሽ መስታወቱን በሳሙና መፈግፈግ የለም። ሳሙና ከነጭራሹ አይጠጋውም። በሳምንት አንድ ቀን ሩቡን ብቻ፣ ስድስት ሰባት ሊትር ያህል፣ ቀድተሽ በአዲስ ትተኪያለሽ። ስፖንጁ ሲደፈን በዚያው በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ ትመልሺዋለሽ። በቧንቧ ውሃ ካጠብሽው ክሎሪኑ ወር ሙሉ የጠበቅሽውን ባክቴሪያ ይፈጅብሻል።

አዲሱ ውሃም ክሎሪኑ ሊወጣለት ይገባል። የናንተ ይቀላል፤ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳትከድኚ አንድ ቀንና ሌሊት ብታቆዪው ይተናል። እዚህ ግን እንዲህ አይሆንም። ዋሽንግተን ውስጥ ከፈረንጆቹ 2000 ጀምሮ ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት) ነው የሚጠቀሙት፣ እኛም ሰፈር እንደዚሁ። እሱ ቢያድርም አይተንም፤ የግድ መድኃኒት ይፈልጋል።

የመብራት ነገር ደግሞ አለ። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፤ ያ ባክቴሪያ ኦክስጅን ካጣ መሞት ይጀምራል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እኛ እዚህ ከምናስገባው ያነሰ ዓሣ አስገቢ፤ የውሃው ፊት ሁልጊዜ ይንቀሳቀስ። በኤር ፓምፕ (ውሃው ውስጥ አየር በሚነፋ ፓምፕ) የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ለዚህ በቂ ነው። ርካሽም ነው።

የትኛው ዓሣ? ጎልድፊሽ ብርድ ስለሚችል ለአዲስ አበባ የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን 15 እና 20 ሳንቲሜትር ድረስ ያድጋል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ለዚህች መስታወት አይሆንም። ልጁ ከሐዋሳ በኮዳ ይዞ ልምጣ እንዳይልሽም፤ የቆሮሶ ጫጩት አድጎ ከ30 ሳንቲሜትር ያልፋል። ብታገኚ የምመርጥልሽ ኋይት ክላውድ የሚባለውን ነው። አራት ሳንቲሜትር ያህል ነው፣ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ያለ ሂተርም (ያለ ውሃ ማሞቂያም) ይኖርልሻል። መጀመሪያ የተገኘው የት መሰለሽ? ነጋዴዎቻችን ዕቃ ከሚያመጡባት ከቻይናዋ ጓንዡ አጠገብ ካለ ተራራ! አብሮ የሚጓዝ ዓሣ ስለሆነ ስድስት ይበቃሻል።

እሱ ከጠፋ ጉፒ። ግን ወንድ ወንዱን ብቻ፣ አምስት። ወንዱ ጅራቱ ትልቅና ባለ ቀለም ስለሆነ ትለይዋለሽ። ሴት ካስገባሽ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፤ ወንዱን ብታወጪው እንኳ ዘሩን ይዛ ለወራት መውለዷን አትተውም። ቤታ የሚባለውም ውብ ነው፣ ከውሃው ፊት አየር መተንፈስ ይችላል። ሁለት ወንድ ግን አንድ ላይ ከገቡ ይፋጃሉ፤ አንድ ብቻ ይሁን። ጉፒም ቤታም ሙቀት ይፈልጋሉ፣ 25 ዲግሪ አካባቢ፤ የኅዳርን ሌሊት ያለ ሂተር አይወዱትም።

ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙም አይጎዳቸውም፤ ዓርብን ምረጪላቸው። እንግዳ የመጣ ቀን ግን ዘብ ቁሚ። የኛ ሰው የእንጀራ ፍርፋሪ ሳያጎርስ አያልፍም፤ የተረፈው ደግሞ ታች ወርዶ ይበሰብሳል።

የአክስቴ ልጅ ለገና ወደዚያ ትመጣለች። መመርመሪያውን፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታና በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ በሻንጣዋ እልክልሻለሁ። ፓምፑ መብራት ሲጠፋ ነው። ሂተር ግን ከዚህ አልልክም። የኛ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የናንተ 220፤ ስትሰኪው ይቃጠላል። እዚያው ፈልጊ፣ 50 ዋት ይበቃሻል። ካጣሽ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ያምጣልሽ፤ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ።

የድሮው ስልክሽ አልሠራ አለኝ። አዲሱን ለእማዬ ስጪያትና ቅዳሜ ማታ በናንተ ሰዓት እደውላለሁ። ከዚያ በፊት ጠረጴዛውን ለክተሽ ጠብቂኝ፤ 40 በ25 ካልበቃው መስታወቱን ሳታስቆርጪ ሌላ ልክ እናወጣለን።

ያንቺው እህት፣
ከአሌክሳንድሪያ